ከጉልቻው ዙሪያ፦ የሰሜን ሸዋ የጉዞ ማስታወሻ

ሰኞ፣ ጥር 18 ቀን 2012 ዓ.ም.፤ ከአዲስ አበባ እስከ ደብረ ብርሃን

ወደ ሰሜን ሸዋ የወጣነው፣ ንጹሕ ኃይልን ለገጠሩ ነዋሪ ለማዳረስ የተነደፉ ፕሮግራሞች ቀበሌ ሲደርሱ ከሕዝቡ ጋር የሚደረገው ምክክር ምን እንደሚመስል በአካል ተገኝተን ለማየትና ያየነውን ለገጠር ባለሙያዎች በሚዘጋጅ የሥልጠና ጽሑፍ ውስጥ ለማስገባት ነው። አብሮኝ የተጓዘው የሥራ ባልደረባዬ የኤሌክትሪክ መሐንዲስ ሲሆን፣ እኔ ኑሮዬን በሕዝብ ትምህርት ሥራ ያደረግሁ ሰው ነኝ። ሰንዳፋን፣ አለልቱንና ሸኖን አልፈን ጫጫ ስንደርስ ከፊታችን የተዘረጋው ሜዳ የገብስና የስንዴ ነዶ የተከመረበት፣ በየአውድማው ውቂያው ገና ያላለቀበት ነበር። ከየቤቱ አጥር ሥር ደግሞ ከእህሉ ክምር ያላነሰ ሌላ ክምር ይታያል፤ የኩበት ክምር። ቅርጹ እንዳይፈርስ ዙሪያው በእርጥብ እበት የተለሰነ፣ ለክረምት የተቀመጠ የማገዶ ጎተራ ነው።

ደብረ ብርሃን ከአዲስ አበባ 130 ኪሎ ሜትር ርቃ፣ ከባሕር ጠለል በላይ 2,800 ሜትር ከፍታ ላይ የምትገኝ ከተማ ናት። ወደ ከተማዋ ልንገባ ጥቂት ሲቀረን ኩበት የጫኑ አህዮችን የሚነዱ ሴቶች መንገዱን ሞልተውት አገኘን። የከተማው ሰው ሥራውን በኤሌክትሪክ ቢያቃናም እንጀራውን የሚጋግረው በአብዛኛው ገጠሩ በሚያመጣለት ኩበትና ባሕር ዛፍ መሆኑን ከዚህ የበለጠ የሚመሰክር ነገር አያስፈልግም። በአገራችን ቤተሰብ ከሚያቃጥለው ኃይል ከግማሽ የሚበልጠውን የሚወስደው እንጀራ መጋገር ስለሆነ፣ ስለ ንጹሕ ኃይል የሚነሣ ማንኛውም ንግግር ዞሮ ዞሮ ምጣዱ ላይ መድረሱ አይቀርም።

ማታ ላይ የአንድ ወረዳ የኢነርጂ ባለሙያ የሆኑ ሴት ያረፍንበት ድረስ መጥተው አነጋገሩን። ባለፈው ዓመት በመጋቢት ወር ይፋ የሆነው ሁለተኛው ብሔራዊ የኤሌክትሪፊኬሽን ፕሮግራም እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር በ2025 ሁሉንም ዜጋ የኤሌክትሪክ ተጠቃሚ ለማድረግ፣ ከዚህም ውስጥ 65 በመቶውን በዋናው መስመር፣ 35 በመቶውን ደግሞ ከመስመር ውጭ በፀሐይ ብርሃንና በመሳሰሉት ለመድረስ አቅዶ ነበር። ባልደረባዬ ይህን አንሥቶ የወረዳቸው ድርሻ ምን እንደሚሆን ሲጠይቃቸው፣ ባለሙያዋ ጥቂት አሰቡና «ዕቃውን ማድረስ ከባድ አይደለም፤ መኪና ካለ ይደርሳል። ከባዱ ዕቃው ከደረሰ በኋላ ያንኑ በር ተመልሶ ማንኳኳት ነው፤ ለእሱ በጀት የያዘልን ሰው የለም» አሉን። ንግግራቸው የጉዞውን ሐሳብ ከጅምሩ ስላስያዘኝ ሳልተኛ ጻፍኩት።

ማክሰኞ፣ ጥር 19፤ በባሶና ወራና ገጠር

ሌሊቱን የጣለው ውርጭ ማለዳ ላይ ሣሩን ነጭ አልብሶት ነበር። ከባለሙያዋ ጋር ወደ አንድ የባሶና ወራና ቀበሌ ሄደን፣ ከዓመታት በፊት የባዮጋዝ ማብላያ ወዳስገነቡ ባልና ሚስት ቤት ደረስን። የባዮጋዝ ፕሮግራሙ በአገር ደረጃ የተጀመረው በ2001 ዓ.ም. ግድም በትግራይ፣ በአማራ፣ በኦሮሚያና በደቡብ ክልሎች ሲሆን፣ በመጀመሪያው ምዕራፍ 14,000 ማብላያዎችን ለመገንባት ታቅዶ የተገነቡት ከ8,000 ጥቂት የሚበልጡ ነበሩ። ንድፉ ከኔፓል ተወስዶ ለአገራችን እንዲስማማ ከተሻሻለ በኋላ «ስንዱ» ተብሏል። ከመሬት በታች የሚቀበር የድንጋይና የሲሚንቶ ጉልላት ነው፤ በአንድ በኩል እበትና ውኃ እኩል ለእኩል ተበጥብጦ ይገባበታል፤ በውስጡ አየር በሌለበት የሚኖሩ ጥቃቅን ሕዋሳት እበቱን ሲያብላሉት የሚወጣው ጋዝ በቧንቧ ወደ ምድጃው ይሄዳል፤ የተብላላው ዝቃጭ በሌላው በኩል ወጥቶ ለማሳ ማዳበሪያ ይሆናል። ማብላያውን በየቀኑ ለመመገብ ቤተሰቡ ቢያንስ አራት ከብትና በቅርብ የሚገኝ ውኃ ሊኖረው ይገባል።

የቤቱ እመቤት የጋዙን መክፈቻ አዙረው ክብሪት ሲለኩሱ ሰማያዊ ነበልባል ያለ አንዳች ጭስ ብልጭ አለ። ጀበናውን ጥደው ቡና እስኪፈላ ድረስ እየተጫወትን ቆየን። ቡናው ከወረደ በኋላ ግን እመቤቲቱ ተነሥተው ከኋላ ወዳለው ማጀት ገቡና በሦስት ጉልቻ ላይ ከተቀመጠው ምጣድ ሥር ኩበት ይማግዱ ጀመር፤ ጥቂት ሳይቆይ ጭሱ ከጥቀርሻው ጣሪያ ተመልሶ ወደ እኛ መጣ። እኔም ጋዙ እያለ ለምን በኩበት እንደሚጋግሩ ጠየቅኋቸው።

«ሽሮውም፣ ቡናውም፣ የልጆቹ ወተትም በጋዙ ነው፤ አልዋሽም፣ አሳርፎኛል። እንጀራ ግን አይጋግርም። ሊያስረዱን ሲመጡ ‹ከጭስ ትገላገላላችሁ› ብለው ነበር፤ ምኑን በምን እንደምጋግር ግን ማንም አልጠየቀኝም፣ ወንድሜ» አሉኝ።

የተለመደው የባዮጋዝ ምድጃ ነበልባሉ መሐል ላይ የሚሰበሰብ ስለሆነ ስፋቱ 60 ሴንቲ ሜትር የሚጠጋ ምጣድን ዳር እስከ ዳር አያግልም፤ እንጀራ ደግሞ ከ180 እስከ 220 ዲግሪ ሴልሺየስ የሚደርስ፣ በምጣዱ ገጽ ሁሉ እኩል የተሰራጨ ሙቀት ይፈልጋል። ለእንጀራ የሚሆን የባዮጋዝ ምድጃ ለመሥራት የተደረጉ ሙከራዎች ቢኖሩም ብዙ ጋዝ የሚበሉ ናቸው። ይህ የምሕንድስና ችግር ነው፤ የምሕንድስና ችግር በራሱ ነውር የለበትም። ነውሩ፣ በየሁለትና ሦስት ቀኑ ምጣድ የምትጥድ ሴት ባለችበት አገር አንድ ምድጃ ይዞ ሲመጣ ጥያቄውን ከምጣዱ አለመጀመር ነው። ምክክር የሚባለው ነገር ዕቃውን ካመጡ በኋላ ጥቅሙን ለማስረዳት የሚደረግ ስብሰባ ብቻ ሲሆን፣ እኒህን እመቤት የመሰለች ሴት የምታውቀው ነገር ለመሐንዲሱ ጆሮ የሚደርሰው ጉልላቱ ተቀብሮ ካለቀ በኋላ ነው።

ሌላው ጉዳይ ከዚህ ይረቅቃል፤ እኔም ከዚህ በፊት እንዲህ ጥርት ብሎ ሲነገር አልሰማሁም። ባልየው ስለ ከብቶቻቸው ቁጥር ሲነግሩን እመቤቲቱ ፈገግ ብለው «ላሞቹ የእሳቸው ናቸው፤ እበቱ ግን የእኔ ነው» አሉ። በዚህ አካባቢ እበት የሚያነሡት፣ ኩበት የሚጠፈጥፉትና ደብረ ብርሃን ገበያ ወስደው የሚሸጡት ሴቶች ናቸው፤ ከሽያጩ የሚገኘው ገንዘብም ማንንም ሳያስፈቅዱ ጨው፣ ቡናና የልጆች ደብተር የሚገዙበት የእጃቸው ገንዘብ ነው። ማብላያው በቀን ብዙ እበት ሲፈልግ የሚቀነሰው ከዚህ ገንዘብ ላይ ነው። የብድሩን ውል የሚፈርመው ግን በአብዛኛው ባልየው ነው። በስብሰባ ላይ «ባዮጋዝ ወጪ ይቀንሳል» የሚለው ንግግር እውነት ቢሆንም፣ የማን ወጪ እንደሚቀንስና የማን ገቢ እንደሚቀር ለይቶ ካልተነገረ ሴቲቱ ዝም ብላ ሰምታ፣ ቤቷ ገብታ እንደ ልማዷ ኩበቷን ትጠፈጥፋለች። እመቤቲቱን እንዴት እንዳመዛዘኑት ስጠይቃቸው፣ ዝቃጩን ለሽንኩርትና ለጎመን እየተጠቀሙ ከጓሯቸው የሚሸጡት አትክልት የኩበቱን ገንዘብ እንደተካላቸው ነገሩኝ። ይህንን ያስተማራቸው ባለሙያ ሳይሆን ቀደም ብላ የሞከረች ጎረቤታቸው ናት።

ከቀትር በፊት ወደ ሌላ ግቢ አለፍን። በዚያ ያለው ማብላያ ሥራ ካቆመ ቆይቷል፤ እበት የሚበጠበጥበት ገንዳ በድንጋይ ተሞልቷል፣ የጋዝ ቧንቧውም ተቆርጦ ለሌላ ጉዳይ ውሏል። አባወራው ማብላያው በሁለተኛው ዓመት በጥቅምት ወር «እንደሞተ» ነገሩን። ባለሙያዋ ይህን ሲሰሙ ራሳቸውን ነቀነቁ። እበቱን የሚያብላሉት ሕዋሳት በደንብ የሚሠሩት ወደ 35 ዲግሪ በሚጠጋ ሙቀት ሲሆን፣ የአፈሩ ሙቀት ከ15 ዲግሪ በታች ሲወርድ ሥራቸው እጅግ ይዘገያል። እንደ ደብረ ብርሃን ባለ ውርጭ የሚጥልበት ደጋ ከጥቅምት እስከ ጥር ጋዙ መቀነሱ የሚጠበቅ ነው። በእነዚህ ወራት ጉልላቱን በገለባና በብስባሽ መሸፈን፣ መበጥበጫውን ውኃ ቀን ፀሐይ ላይ አስቀምጦ ማሞቅ፣ ከሁሉም በላይ ታግሦ መመገቡን አለማቋረጥ ይበጃል። አባወራው ይህን አልሰሙም ነበር፤ የገነባላቸው ሰው ሥራውን ጨርሶ ከሄደ ወዲህ በዚያ በር ያለፈ የለም። ሞተ ያሉት ማብላያ ያን ጊዜ ቅዝቃዜው አዝግሞት ነበር እንጂ አልሞተም ነበር። በቅዝቃዜው ወር አንድ ጊዜ ብቻ መጥቶ «አይዞዎት፣ ጋሼ፣ የካቲት ሲገባ ይመለሳል» የሚል ሰው ቢኖር ኖሮ ያን ሁሉ ሲሚንቶና ድካም ማዳን ይቻል እንደነበር ሳስብ ቁጭቱ አሁንም አልለቀቀኝም።

ከሰዓት በኋላ በቀበሌው ጽሕፈት ቤት ደጅ ስብሰባ ነበር። ሣሩ ላይ ከተቀመጡት መካከል ሴቶቹ በጣት የሚቆጠሩ ናቸው፤ ስብሰባው የተጠራበት ሰዓት ውኃ የሚቀዳበትና ከብት የሚገባበት ሰዓት ነውና። የሰዓት ጉዳይ ትንሽ ይመስላል፤ የምድጃ ጉዳይ ሊመከርበት በተጠራ ስብሰባ ላይ ግን ባለምድጃዎቹ ከሌሉ የቀረው ሁሉ ከንቱ ነው።

ረቡዕ፣ ጥር 20፤ ወደ መንዝ

ከደብረ ብርሃን ወጥተን ጣርማ በር ላይ ከዋናው መንገድ ወደ ግራ ተገነጠልንና በመዘዞ በኩል ወደ መንዟ ከተማ ወደ መሐል ሜዳ አቀናን። መንገዱ በአብዛኛው በገደሉ አፋፍ ላይ የሚሄድ በመሆኑ በቀኝ በኩል ቆላው እስከ አፋር ሜዳ ድረስ ቁልቁል ይታያል። ጭጋጉ አንዳንዴ መኪናውን ይውጠው ነበር።

ከቀትር በኋላ ጓሳ ደረስን። ጓሳ ከ3,200 እስከ 3,700 ሜትር ከፍታ ያለው፣ ስፋቱ ወደ 100 ካሬ ኪሎ ሜትር የሚገመት የማኅበረሰብ ጥብቅ ሥፍራ ሲሆን፣ ስሙን ያገኘው ለቤት ክዳን፣ ለገመድና ለፍራሽ ከሚያገለግለው ረጅም ሣር ነው። ቀይ ቀበሮና ጭላዳ የሚኖሩበት ይህ ምድር ለመንዝ ሰው ሣርም፣ ግጦሽም፣ ማገዶም ነው፤ የአስታ ቁጥቋጦው የሚቆረጠው ለማገዶ ነው። ይህን ሥፍራ የአካባቢው ነዋሪ ከ17ኛው መቶ ዘመን ጀምሮ «ቄሮ» በሚባል ሥርዓት ሲጠብቀው ኖሯል። ሥርዓቱ የሁለቱ የመንዝ አቅኚ አባቶች፣ የአስቦና የጌራ፣ ተወላጆች የየራሳቸውን አለቃ፣ አባ ቄራን፣ እየመረጡ የሚያስተዳድሩት ነበር። ጓሳው ለሦስት፣ ለአራት፣ አንዳንዴም ለአምስት ዓመት ይዘጋል፤ ሣሩ ሲደርስ የሚከፈትበት ቀን በቤተ ክርስቲያን፣ በገበያና በቀብር ላይ ይነገራል፤ ሕጉን የጣሰ በብርቱ ይቀጣል።

እዚህ ላይ ጥቂት መቆየት እፈልጋለሁ። አዋጁ የሚነገርባቸው ሦስቱ ቦታዎች ማንም ሰው ሳይጠራ የሚገኝባቸው ናቸው፤ ሴቱም፣ ወንዱም፣ ደሃውም፣ ሀብታሙም በአንዱ ካልተገኘ በሌላው ይገኛል። በተጨማሪም ሰው አዋጁን የሚሰማው ከማያውቀው እንግዳ ሳይሆን ራሱ ከመረጠው፣ ነገ ስህተት ቢገኝበት በሩ ድረስ ሄዶ ሊወቅሰው ከሚችለው ሰው ነው። የየካቲት 1967ቱ የገጠር መሬት አዋጅ መሬትን የሕዝብ ሲያደርግ የአስቦና የጌራ ርስት ላይ የቆመው ቄሮ መሠረቱ ተናጋ። ያንን ተከትሎ ጓሳው ለጥቂት ዓመታት ባለቤት እንደሌለው ንብረት ሆኖ ሣሩም ቁጥቋጦውም ተጎድቶ እንደነበር ሽማግሌዎች ያወሳሉ። በኋላ ነዋሪው በየቀበሌው ኮሚቴ አቋቁሞ ጥበቃውን መልሶ ያዘ፤ ዛሬም ጠባቂዎቹ የዚያው አገር ልጆች ናቸው። መሬቱ የሁሉም ሆኖ ባለርስትና ባለርስት ያልሆነው እኩል እንዲጠቀም መደረጉ ተገቢ መሆኑን አምናለሁ፤ ነገር ግን ሰዎችን እርስ በርስ የሚያስማማው የምክክር ልማድ አብሮ ሲፈርስ የሚደርሰው ጉዳት ምን ያህል እንደሆነ ጓሳ ሕያው ምስክር ነው።

ሐሙስ፣ ጥር 21፤ መንዝ፣ አስተርእዮ ማርያም

የእመቤታችን በዓል በመሆኑ ገበሬው ሞፈር አላነሣም። ባለሙያዋ ዕለቱን የመረጡት ሆነ ብለው ነበር፤ የደብሩን አለቃ ቀደም ብለው አስፈቅደው ስለነበር፣ ከቅዳሴ በኋላ ሕዝቡ ሳይበተን በዐጸዱ ጥላ ሥር እንዲያነጋግሩት ተፈቀደላቸው። ሴቶቹ በአንድ ወገን፣ ወንዶቹ በሌላው ወገን ተቀመጡ። ከእኛ በፊት የቀበሌዋ የጤና ኤክስቴንሽን ሠራተኛ የማኅበረሰብ አቀፍ ጤና መድን የአባልነት እድሳት ቀን ሊያልፍ መሆኑን ተናገረች። አንዲት ልጅ እግር ናት፤ ንግግሯ ከጥቂት ደቂቃ አልበለጠም፤ ነገር ግን ስትጨርስ ሁለት እናቶች ስሟን ጠርተው ስለየልጆቻቸው ክትባት ጠየቋት፣ እርሷም የእያንዳንዱን ልጅ ስም አውቃ መለሰችላቸው። በ1995 ዓ.ም. የተጀመረው የጤና ኤክስቴንሽን ፕሮግራም በየቀበሌው ሁለት ሴት ሠራተኞችን የመደበው ለዚሁ ነው፤ ሠራተኛዋ እዚያው ትኖራለች፣ ቤት ለቤት ትዞራለች፣ ትናንት የነገረችው ካልሠራ ዛሬ ትጠየቃለች። የኢነርጂው ዘርፍ በቀበሌ ደረጃ እንዲህ ያለ የራሱ ሰው የለውም፤ አንድ የወረዳ ባለሙያ በርካታ ቀበሌዎችን ይዞ አንዱን በዓመት አንድ ጊዜ ቢረግጥ ትልቅ ነገር ነው።

ተራው የባለሙያዋ ሲሆን ስለ ምርጥ ምድጃ መናገር አልጀመሩም። ምርጥ ምድጃ ከሲሚንቶና ከአሸዋ በክፍል በክፍል ተቀርጾ የሚገጣጠም፣ ምጣዱን ዙሪያውን አቅፎ እሳቱ እንዳይባክን የሚያደርግ፣ ከሦስት ጉልቻ ጋር ሲነጻጸር ማገዶውን በግማሽ ያህል የሚቀንስ ምድጃ ነው፤ በአገራችን ከሠላሳ ዓመት ገደማ ወዲህ ይታወቃል። እርሳቸው ግን በመጀመሪያ «እናቶቼ፣ የየቤታችሁ ምጣድ ስፋቱ ምን ያህል ነው?» ብለው ጠየቁ። ሴቶቹ ተያዩና ሣቁ። ከዚያም አንዲት አሮጊት መሬቱ ላይ ስንዝራቸውን እየዘረጉ ለኩ፤ ሦስት ስንዝር ሊሞላ ጥቂት ጎደለው። ሌላዋ ያንሳል አሉ፤ ሌላዋ ይበልጣል አሉ። ባለሙያዋ ሴቶቹ የለኩትን ሁሉ በጣታቸው በአፈሩ ላይ በክብ አሠመሩ። በመጨረሻ አፈሩ ላይ ያሉት ክቦች በሁለት መጠን ዙሪያ የሚሰበሰቡ ሆነው ታዩ።

ምክንያቱን በኋላ ነገሩን። ከዚህ በፊት አንድ ፕሮጀክት ለዚህ አካባቢ ምድጃዎች ያመጣው በአንድ ቅርጽ ማውጫ ብቻ የተሠሩትን ነበር፤ የመንዝ ምጣድ ሲቀመጥበት ሁለት ጣት የሚያህል ክፍተት ዙሪያውን ይተርፋል፣ በክፍተቱም እሳቱና ጭሱ አብሮ ይወጣል። ሴቶቹ ጥቂት ሞከሩና ወደ ጉልቻቸው ተመለሱ፤ ምድጃዎቹም የዶሮ ማደሪያ ሆኑ። በሪፖርት ላይ ግን እያንዳንዱ ምድጃ «ተሠራጭቷል» ተብሎ ተቆጥሯል። የዓለም ጤና ድርጅት በቤት ውስጥ ከሚፈጠር ጭስ የተነሣ በዓመት በሚሊዮኖች የሚቆጠር ሰው በዓለም ላይ እንደሚሞት ይገምታል፤ ከዚህ ሞት የሚያተርፈው በእርግጥ የሚነድደው ምድጃ እንጂ የተሠራጨው አይደለም። ፕሮግራሞቻችን የተሠራጨውን ትተው ከስድስት ወር በኋላ በእሳት ላይ ያለውን መቁጠር ቢጀምሩ ብዙ ነገር እንደሚቃና አምናለሁ።

ጥያቄ ሲከፈት አንድ ሽማግሌ ተነሥተው ስለ ፀሐይ መብራት ተናገሩ። ልጃቸው የገዛላቸው መብራት አንድ ክረምት አብርቶ ጠፍቷል፤ ማን እንደሠራው የሚነግር ጽሑፍም ዋስትናም የለውም።

«ብርሃኑን አልጠላነውም፣ ልጄ። ከኩራዝ ጭስ አውጥቶን ነበር። ሲበላሽ ማን ጋ እንሂድ? እሱን ንገሩኝ» አሉ።

መሐንዲሱ ባልደረባዬ ተነሥቶ፣ ጥራቱ የተመረመረ መብራት የዋስትና ወረቀት ሊኖረው እንደሚገባ፣ የባትሪው ዕድሜ ከሌላው ክፍል ቀድሞ እንደሚያልቅና ባትሪው ብቻ ቢለወጥ ዕቃው እንደሚነሣ አስረዳቸው። ሽማግሌው በጥሞና ሰምተው «መልካም፤ ባትሪውን የሚለውጠው ሰው መሐል ሜዳ ይኖራል?» ብለው ጠየቁት። ባልደረባዬ አዎን ለማለት የሚያስችለው ነገር አልነበረውም፤ እንደሌለ በቀጥታ ነገራቸው። ሽማግሌው ስለ እውነቱ አመስግነውት ተቀመጡ። በሕዝብ ፊት ያለውን እንደሌለ፣ የሌለውን እንዳለ አድርጎ ከመናገር የበለጠ አንድን ፕሮግራም የሚያጠፋው ነገር የለምና፣ ያ አጭር መልስ ከብዙ ቅስቀሳ ይበልጣል ብዬ አምናለሁ።

ዓርብ፣ ጥር 22፤ ከመንዝ ወደ ደብረ ሲና

የመልስ ጉዞ ነበር። ጣርማ በር ላይ ጣሊያን በወረራው ዘመን ያስቆፈረውን ዋሻ አልፈን ወደ ደብረ ሲና ቁልቁል ወረድን። ከዋሻው ማዶና ማዶ አየሩ ፍጹም የተለያየ ነው፤ ከወዲያ ገብስና ውርጭ፣ ከወዲህ ማሽላና ሙቀት። በመንገዱ ዳር ከፍተኛ የኤሌክትሪክ መስመር ሲያልፍ ከሥሩ ያሉት አንዳንድ ቤቶች ግን ኩራዝ ያበራሉ። ባልደረባዬ ከፍተኛውን ኃይል አውርዶ ለመንደር ለማከፋፈል ትራንስፎርመርና ዝቅተኛ መስመር እንደሚያስፈልግ፣ ወጪውም ቀላል እንዳልሆነ ነገረኝ። ይህን ለመሐንዲስ መረዳት ቀላል ነው። ገመዱ በላዩ ሲያልፍ በየቀኑ ለሚያየው ገበሬ ግን የነገረው ሰው ከሌለ እንደ ንቀት ይቆጠራል፤ ለመሬቱ፣ ለምሰሶው፣ ለጥበቃው የሚጠየቀው ትብብርም በዚያው ልክ ይቀንሳል።

ቅዳሜ፣ ጥር 23፤ ሸዋ ሮቢት

ሸዋ ሮቢት ከአዲስ አበባ 225 ኪሎ ሜትር ርቃ በቆላው ላይ የምትገኝ፣ በመስኖ ሽንኩርት፣ በማሾና በፍራፍሬ የምትታወቅ ከተማ ናት። ከከተማዋ ወጣ ብሎ ያለ የመስኖ ተጠቃሚዎች ማኅበር ቀድሞ በናፍጣ ሞተር ያወጣው የነበረውን ውኃ ወደ ፀሐይ ኃይል ፓምፕ አዙሮታል። በዚህ ጉዞ ከጀመረበት ቀን አንሥቶ ሳይቆም ሲሠራ ያየነው የንጹሕ ኃይል ሥራ ይህ ነው፤ ለምን እንደሠራ ለማወቅም ቀኑን ሙሉ እዚያው ዋልን።

የፀሐይ ሰሌዳዎቹ የተተከሉት ከወንዙ ራቅ ብሎ ባለ ጉብታ ላይ ነው። የመጀመሪያው ንድፍ ለቧንቧው ወጪ ሲባል ወንዙ አጠገብ እንዲተከሉ ያዝዝ ነበር። የውኃ አባት የሚባሉት፣ ማኅበሩ ተራ እንዲያስከብሩ የመረጣቸው አዛውንት ግን ንድፉን ያመጡትን ባለሙያዎች ይዘው ወርደው፣ በነሐሴ ደራሽ ውኃ የሚደርስበትን ምልክት በአንድ የግራር ግንድ ላይ አሳዩአቸው፤ ከሰው ቁመት በላይ ተጣብቆ የቀረ ደረቅ ቆሻሻ ነበር። ንድፉ በዚያው ቀን ተለወጠ። እዚህ አካባቢ ክርስቲያኑና ሙስሊሙ ተደባልቆ ስለሚኖር፣ ስብሰባዎቹ ቤተ ክርስቲያንም መስጊድም ባልሆነ በአንድ ዋርካ ሥር ሲደረጉ፣ ቀኑን ግን ካህኑም ኢማሙም በየበኩላቸው ያስታውቁ ነበር።

ከሁሉ የበለጠ ክርክር የተነሣው በተራ ጉዳይ እንደነበር የውኃ አባት አጫወቱን። የናፍጣ ሞተር ሌሊትም ይሠራል፤ ነዳጅ የገዛ ሌሊት ያጠጣል። የፀሐይ ፓምፕ የሚሠራው ቀን ብቻ ነው፤ ውኃውም በቀትር ይበዛል፣ ጧትና ማታ ይቀንሳል። ስለዚህ የቀትሩ ተራ የማን ይሁን? ጉዳዩ ፓምፑ ሳይተከል በፊት ለብዙ ሳምንታት ተመከረበት፤ በመጨረሻ ተራው በየሳምንቱ እንዲዞር፣ ባል የሌላቸው ሴቶች ማሳ ሩቅ ከሆነ ደግሞ ቅድሚያ እንዲሰጠው ተስማሙ። ለጥገና የሚሆን መዋጮም ከመጀመሪያው ምርት ጀምሮ ይሰበሰባል፤ ሁለት የማኅበሩ ወጣቶች የገመድና የማያያዣ ብልሽት እንዲጠግኑ ሠልጥነዋል። አንደኛው ወጣት የመቆጣጠሪያ ሳጥኑን ከፍቶ አቧራውን በቀለም ብሩሽ ሲያጸዳ፣ በክዳኑ ውስጠኛ ገጽ ላይ የተለጠፈ ወረቀት አየሁ፤ ብልሽት ባጋጠመ ቁጥር ቀኑ፣ የሆነው ነገርና የተደረገው መፍትሔ በእስክሪብቶ ተጽፎበታል። «ሌላ ሰው ቢመጣ ከዜሮ እንዳይጀምር ብዬ ነው» አለኝ።

እዚህ ቦታ ላይ የወጣው የምክክር ጊዜ ከተከላው ጊዜ እንደሚበልጥ ሲነገረን፣ ገንዘብ የሰጠው ድርጅት «መዘግየት» ብሎ መዝግቦት እንደነበር ሰማን። ይህን የመሰለ መዘግየት በየሥራው ቢበዛልን እመኛለሁ።

እሑድ፣ ጥር 24፤ ወደ አዲስ አበባ

በመመለሻችን ደብረ ብርሃን ላይ ባለሙያዋን በአንድ ሻይ ቤት አገኘናቸው። የእረፍት ቀናቸው ቢሆንም ደብተራቸውን ይዘው መጥተው ነበር። ከሥልጠናው ጽሑፍ ይልቅ ስለ ዕቅዳቸው ተነጋገርን፤ በሚያዝያ፣ ክረምት ሳይገባ፣ ማብላያ ያላቸውን ቤቶች ሁሉ አንድ ጊዜ ለመጎብኘት፣ ከዚያም ጥቅምት ሲገባ በውርጩ ወር ሁለተኛ ለመመለስ አስበዋል። ለሁለተኛው ጉብኝት የመጓጓዣ ገንዘብ ስለሌላቸው፣ ጥቅምት ላይ ለጤና መድን ምዝገባ ቅስቀሳ ወደ ቀበሌዎቹ ከሚወጣው መኪና ጋር ለመሄድ የጤና ጽሕፈት ቤቱን ኃላፊ በቃል አስማምተዋል። ባልደረባዬ ለመንዙ ምጣድ የሚሆን ሁለተኛ የምድጃ ቅርጽ ማውጫ አዲስ አበባ ካሉ ብረት ሠራተኞች ለማሠራት ቃል ገባ፤ የክቦቹን ልክም ከደብተራቸው ላይ ቀዳ። እኔ ደግሞ የጽሑፉ የመጀመሪያ ምዕራፍ ስለ ቴክኖሎጂው ዓይነቶች እንዲሆን የተያዘውን ዕቅድ ትተን፣ ባለሙያው ቀበሌ ሲገባ ሊጠይቃቸው በሚገቡ ጥያቄዎች እንዲጀምር ሐሳብ አቀረብኩ። ባለሙያዋ ጥቂት አሰቡና «እንግዲያው ‹እበቱ የማን ነው?› የሚለውን በመጀመሪያው ገጽ ላይ ጻፉልኝ» አሉ።